ዓይን የማይለየው ቡናማ

ሳንታ ሩፊና፣ ኮሎምቢያ፣ ኦገስት 14 ቀን 1998

ለአጎቴ ልጅ ለነፍስ ኄር ሊባርዶ ልጅ፣ ለኑቢያ፤

የካርሜን እመቤት ከብርዱም ከባዕድ ዓይንም ትሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ማተሚያ ቤቴም በቆመበት አለ። አክስትሽ ኦዲሊያም ደህና ናት፤ ጆሮዋ ግን ጭራሽ ደንቁሯል። የጁን ወር ደብዳቤሽን እንደ ልማዴ ኩሽናዋ ደጃፍ ተቀምጬ፣ ጆሮዋ ሥር እየጮህኩ አነበብኩላት። «ድገመው» አለችኝ፤ ደገምኩት። ፊደል ያልቆጠረ ዘመድ ያለው ሰው ጉሮሮው አያርፍም።

አንድ ነገር ግን አልገባንም። ዓይን የማያየው ቀለም ከሚሠራበት ፋብሪካ ነው የተቀጠርኩት ብለሻል። ኦዲሊያ «ምን ማለት ነው?» ብትለኝ፣ «ያሳደግሻት ልጅ ውቅያኖስ ተሻግራ የማይታይ ነገር ትሸጣለች» አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። በእኛም ገበያ እንዲህ ያለ ንግድ የሚነግዱ አሉ፤ ፖሊስ ብቅ ሲል እግሬ አውጪኝ ይላሉ። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ሁለት ዓመት የእኔን ማሽን ሲጠርግ ሲኖር ቢያንስ ጥፍሩ ውስጥ የሚታይ ጥቁር ነበረው።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት የቀረጥ ተቆጣጣሪው ወደ ፋቢዮ ኔል መጠጥ ቤት ገባ። ፋቢዮ ኔልን ታስታውሺዋለሽ፤ ያ አንገተ አጭሩ። ተቆጣጣሪው ከኪሱ የገላ ሳሙና የሚያህል ዕቃ አወጣና በየአረቄው ጠርሙስ አንገት ላይ ያለውን የቀረጥ ቴምብር እየነካካ አለፈ። እውነተኛ ከሆነ ሳሙናው ይጮኻል፤ ካልሆነ ዝም። ሰውዬው ቴምብሩን አንድ ጊዜ እንኳ በዓይኑ አላየውም! አርባ አንድ ዓመት ቀለም የደባለቅሁ ሰው ነኝ፤ ዓይኑን ለሳሙና ያስረከበ መንግሥት ግን ገና አሁን አየሁ። ይህ የእናንተ ቀለም ነው አሉኝ። ለመሆኑ ምን ይገባበታል? ለዕውቀት ያህል ነው የምጠይቅሽ።

እዚያ ጥሩ የሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽር አለ ይባላል። ለአጎትሽ አንድ ቢገዛ አትደኸዪም።

ኦዲሊያ እንደ ልማዷ አውራ ጣቷን ከምድጃ ጥላሸት ነክራ ከታች አትማለች። ንጹሑን ወረቀቴን አቆሸሸችው፤ ምን ይደረግ።

አጎትሽ አርሴሲዮ

* * *

ረናን፣ ስዊዘርላንድ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ ለዶን አርሴሲዮ፤

ጉልበትዎን ይማርልዎት። እኔ ደህና ነኝ። ማጉያ መነጽሩን በዚህ ፖስታ ልኬአለሁ፤ ለአባቴ ለሃያ ሁለት ዓመቱ መታሰቢያ ይሁንልኝ ብዬ ነው የገዛሁት። እርስዎ በሥራው ዘመን አንድ ጓንት እንኳ አልገዙለትም ነበርና።

ስለ ቀለሙ የጠየቁኝን ያህል ልንገርዎት። ሁለት ቡናማ ቀለሞች ጎን ለጎን ባስቀምጥ እርስዎም፣ እኔም፣ የፋብሪካው ባለቤትም አንለያቸውም። ነገር ግን ከቀይ በታች የሆነ፣ ዓይናችን ያልተፈጠረለት ብርሃን አለ፤ ኢንፍራሬድ ይሉታል። በዚያ ብርሃን በሚያይ ካሜራ ሥር ስናስቀምጣቸው አንደኛው ብርሃኑን ውጦ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሌላው ብርሃኑን ያሳልፈውና ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል፤ እንዳልታተመ ይሆናል። ሳሙናው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የእጅ ጥበብ አይጠይቅም፤ አይቆጣም፤ አይደለልም። ምን እንደሚገባበት ግን አልነግርዎትም፤ ላለመናገር ፈርሜ ነው የገባሁት።

ከዚህ በታች ያለውን እባክዎ ለአክስቴ ጮክ ብለው ያንብቡላት፦

አክስቴ፣ ለጣሪያሽ የሚሆን ገንዘብ በባንክ ልኬአለሁ፤ ክረምቱ ሳይበረታ አስጠግኝው። ዲሴምበር ላይ ለዘጠኙ ቀን የገና ጸሎት ስትሰበሰቡ ደግሞ አደራ። አምና በወንዙ ማዶ በተበረዘ አረቄ ሰው ሞቷል ብለሽ አስጽፈሽልኝ ነበር። የቀረጥ ቴምብር የሌለበትን ጠርሙስ እንዳትነኪ። ማንም ቢቀዳልሽ ቴምብሩን ሳታዪ እንዳትቀምሺ።

ኑቢያ

* * *

ሳንታ ሩፊና፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1998

ለተማረችው ለኑቢያ፤

ሰማይ ጤናውን ያብዛልሽ፤ ትሕትናውንም ጣል ያድርግልሽ። ማጉያ መነጽሩ ደርሶኛል። ጥሩ ነው፤ ከላኪው ይልቅ ጨዋ ነው።

ደብዳቤሽን ለኦዲሊያ አነበብኩላት። ስለ ቴምብሩ ያልሽውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ አሁን ሰፈርተኛውን ሁሉ «ልጄ እንዲህ ብላለች» እያለች ታሰለቻለች። አንቺ የጻፍሽው ሁሉ ለእሷ ወንጌል ነው። የጣሪያው ገንዘብም ደርሷል፤ አናጢው ግን ሰካራም ነው፣ እንቆይ።

እነሆ የልጆች እንቆቅልሽ። ሁለት ቴምብር ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። አንዱ ከጠርሙስ ላይ በእንፋሎት ያነሣሁት ነው። ሁለተኛው አንድ ወዳጄ ለመዝናኛ የሠራው ነው። የቱ የቱ እንደሆነ ንገሪኝ፤ በዓይንሽ ብቻ፣ ያለ ሳሙናሽ። ካቃተሽ ያ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ለምን እንደ ሆነ ለኦዲሊያ እኔው አስረዳታለሁ።

ደግሞ ከምትጥሉት ትርፍራፊ የሽቶ ብልቃጥ የምታህል ቀለም በጥጥ ጠቅልለሽ ብትልኪ ማን ያያል? አይታይ የለ! ለወዳጄ ነው፤ ጥናት ላይ ነው። ያሳደገችሽ ሴት ደብዳቤ የምትሰማው በእኔ ጉሮሮ መሆኑንም አትርሺ። ጉሮሮዬ በዚህ ወራት አንዳንዴ ይዘጋል።

የኦዲሊያ ጣት ከታች አለ። ዛሬ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው ያተመችው፤ የመጀመሪያው አላማራትም።

አርሴሲዮ

* * *

ረናን፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1998

ለተከበሩ አጎቴ ለዶን አርሴሲዮ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ።

በዓይኔ አልለየሁትም። ለአንድ ሳምንት በምሳ ሰዓት እየወጣሁ በቀን ብርሃን አየሁት፤ አልቻልኩም። ሠላሳ ዓመት የገንዘብ ኖት ሲቀርጹ የኖሩ ጡረተኛ አሉ፤ እሳቸውም አልቻሉም፤ «ይህን ቡናማ የደባለቀው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ደስ ይበልዎት። ከእኔ የሚያገኙት ደስታ ይኸው ነው።

ከዚያ ካሜራው ሥር አኖርኳቸው። አንደኛው ጥርት ብሎ ጥቁር ሆኖ ቀረ። የወዳጅዎ ቴምብር ከነአርማው፣ ከነቁጥሩ ድራሹ ጠፋ።

ወዳጅ የለዎትም አጎቴ። በዚያ ከተማ ቡናማን እንዲህ አድርጎ የሚደባልቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቴ «ሰውዬው ክፉ ነው፤ እጁ ግን የመልአክ ነው» ይል ነበር። እጁን ለዚህ ያዋለ መልአክ ግን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ቄሱን ይጠይቁ።

ቀለሙን አልልክም፤ አንዲት ጠብታም ቢሆን። ስላልታይ ብዬ የምሠርቅ ይመስልዎታል? ሰውን ሁሉ በራስዎ ቁመት ይለካሉና አልፈርድብዎትም። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርዎ፦ የሐሰት ቴምብር የሚፈልግ ሰው ቀረጥ ብቻ አይደለም የሚደብቀው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውንም ነው። ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል። ያቁሙ። ማሽንዎ የሠርግ ጥሪና የሎተሪ ዕጣ ያትም፤ በዚያ አይታፈርም።

ለአክስቴ የቅርብ ማያ መነጽር በዚሁ ጥቅል ውስጥ አለ። ማጉያው የእርስዎ ነው፤ ይህን ለእሷ ይስጧት።

ኑቢያ

* * *

ሳንታ ሩፊና፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1999

ለምንወድሽ ለኑቢያችን፤

እግዚአብሔር በረከቱን በደጅሽ ያፍስስ፤ የጀመርሽውን ሁሉ ያስፈጽምሽ። እንዲህ መዘግየቴ ከንቀት አይደለም። የጃንዋሪው የመሬት መንቀጥቀጥ ከእኛ ወዲያ ያሉትን ከተሞች ሲያፈርስ ፖስታውም መንገዱም ተመሰቃቀለ። እኛ ግንብ ከመሰንጠቁ በቀር ተርፈናል።

ስለዚያ የቴምብር ጨዋታ ያልሽው ልክ ነበር። ትቼዋለሁ። ዳግመኛ አናንሣው።

ኦዲሊያ ደህና ናት። «ውድ ልጄ፣ በጣም ናፍቀሽኛል፤ ሁልጊዜ በጸሎቴ አስብሻለሁ» ትልሻለች። ደም ግፊት አገኛትና ሐኪሙ መድኃኒት አዞላታል። ወደ ዋናው ከተማ መመላለስም አለ። የቻልሽውን ብትልኪ መልካም ነው። አሁን አሁን ባንክ ቤት ድረስ መሄድ ስለሚከብዳት በእኔ ስም ይሁን።

የጣት አሻራዋ ከታች አለ።

የሚወድሽ አጎትሽ አርሴሲዮ

* * *

ረናን፣ ማርች 6 ቀን 1999

ለተከበሩ አጎቴ ለዶን አርሴሲዮ፤

ከመሬት መንቀጥቀጡ መትረፋችሁን ስሰማ አለቀስኩ። ከአንድ ወር በላይ ሬዲዮ ላይ ተጥጄ ነበር።

ልክ ነበርሽ ሲሉኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ደብዳቤው በስሕተት ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። ለመድኃኒቱ ገንዘብ ልኬአለሁ፤ እንዳሉት በስምዎ።

ግን አጎቴ፣ አክስቴ «ውድ ልጄ» ብላኝ አታውቅም። «አንቺ ቀጫጫ» ነው የምትለኝ። ናፍቀሽኛል ብላም አታውቅም፤ ዶሮዎቹን ትነግረኛለች፣ ጎረቤት ታማልኛለች፣ የዲሴምበሩ ገንፎ እንዴት እንደ ረጋ ትነግረኛለች። በዚህ ደብዳቤ ስለ ጸሎቱ ዘጠኝ ቀናት አንዲት ቃል የለም። ምን ሆነች? መነጽሩስ ልክ ሆነላት? ከራሷ አፍ የወጣውን ይጻፉልኝ፤ ስድብም ቢሆን።

ኑቢያ

* * *

ሳንታ ሩፊና፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1999

ለኑቢያ፤

የትንሣኤው ብርሃን ይድረስሽ። የላክሽው ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ኦዲሊያ «አንቺ ቀጫጫዬ» ትልሻለች፤ በጣም ናፍቀሽኛል ትላለች። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። የዲሴምበሩ ገንፎ በደንብ ረግቶ ነበር። ጎረቤቶችም ደህና ናቸው። መነጽሩ ለዓይኗ ስላልተስማማ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠነዋል። አሮጊት ሴት ምን ታነባለች? በዚህ ዕድሜዋ እያንዳንዷን ቃል እንድለቅም አታስጨንቂኝ። እኔ የፖስታ ቤት ጸሐፊ አይደለሁም።

ሐኪሙ ተጨማሪ መድኃኒት አዞላታል፤ የመጀመሪያው አላገዛትም። በእኔ ስም ላኪ።

አሻራዋ ከታች አለ።

አርሴሲዮ

* * *

ረናን፣ ሜይ 9 ቀን 1999

አርሴሲዮ፤

ሰላምታ የለም። «እርስዎ»ም ከዛሬ ጀምሮ የለም። ቃሉን እስካሁን ያባከንኩት አባቴ ስላስተማረኝ ነበር፤ አባቴም ቢሆን አሁን ይቅር ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤዎችህን ሁሉ ወደ ሥራ ይዤ ሄድኩ። ካሜራው ሥር አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። አንተ የምትጽፍበት ሰማያዊ ቀለም ርካሽ ነው፤ ከቀይ በታች ባለው ብርሃን አንድም ፊደልህ አይተርፍም። ቡራኬህም፣ ስድብህም፣ ጉልበትህም ይጠፋሉ። የሚቀረው ባዶ ወረቀትና ከግርጌው የአክስቴ አውራ ጣት ነው። ጥላሸት ከሰል ነው፤ ከሰል ያንን ብርሃን ይውጠዋል። የኦገስቱ ላይ ጣቷ አለ። የኦክቶበሩ ላይ ሁለቱም ጣቶቿ አሉ፤ ያላማራትም ጭምር።

የፌብሩዋሪው ላይ የለም። የኤፕሪሉም ላይ የለም። ከአንተ ቃል ጋር አብሮ ጠፋ።

ሁለቱን አሻራዎች ደግሞ አንዱን በሌላው ላይ ደርቤ አየኋቸው። መስመር በመስመር፣ ጭረት በጭረት አንድ ናቸው። ሕያው ሰው ጣቱን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጫንም፤ እንዲህ የሚደግመው ማተሚያ ብቻ ነው። ከአሮጌው ደብዳቤ ላይ የዚንክ ማተሚያ ሰሌዳ ቀርጸህ፣ ከተረፈህ ሰማያዊና ቡናማ ግራጫ ደባልቀህ፣ ያሳደገችኝን ሴት ጣት አትመህ ላክህልኝ። ምድጃው ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ጥላሸቱን ለማምጣት እንኳ ተጠየፍክ። ለማን ብለህ? ለአንዲት ቀጫጫ!

በሕይወት አለች? በአንድ መስመር መልስልኝ። ለመምህርት ግላፊራም በትምህርት ቤቱ አድራሻ ጽፌላታለሁ፤ ቤቷ ድረስ ሄዳ እንድታያት። የማን መልስ እንደሚቀድም አያለሁ። ካንተ አፍ ከሆነ፣ ምናልባት ሰው ነበር እላለሁ።

ኑቢያ

* * *

ሳንታ ሩፊና፣ ጁን 3 ቀን 1999

ለኑቢያ ባዬስቴሮስ፤

በአንተ ጠራሽኝ። ይሁን። የሠራተኛዬ ልጅ በአንተ ስትጠራኝ ለመስማት ነው ስልሳ ሁለት ዓመት የኖርኩት።

በሕይወት አለች። ታውራለች። ከዲሴምበር ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ናት።

የሆነው ይህ ነው። ኖቬምበር ላይ ፋቢዮ ኔል ከማላውቀው ሰው አልኮል በበርሜል ገዛ። አኒስ የሚሉትን ቅመምና ስኳር ጨመረበት፤ ጠርሙሱ የፋብሪካ ነው፣ መለጠፊያው የፋብሪካ ነው፣ ቴምብሩ የእኔ ነው። ተቆጣጣሪው የሚመጣው በሩብ ዓመት አንዴ ስለሆነ ሳሙናውን አልፈራንም። ሜታኖል የሚባል የቀለም ማቅጠኛ እንዳለበት አላወቅሁም። ፋቢዮ ኔልም አላወቅሁም ይላል። በአራተኛው የጸሎት ቀን በወይዘሮ ሶይላ ግቢ ከዝማሬው በኋላ ተቀዳ። ኦዲሊያ ሦስት መለኪያ ጠጣች። በማግስቱ «ዓይኔ ፊት ጭጋግ አለ» አለች፤ በሦስተኛው ቀን ጨለመባት። ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ዘጠኝ ታመው ድነዋል። ሕዝቡ ከውጭ በመጣ መጠጥ ነው ብሎ ያምናል፤ እኔም አላስተባበልኩም። እኔ በዕለቱ ሆዴን ስላመመኝ አልጠጣሁም።

መቼም አንቺ ሁሉን የምታይ ካሜራ አለሽ። እንግዲህ ይህንንም እዪበት፦ አሮጊቷ ከጥንት ጀምሮ የጠርሙስ አረቄ አትነካም ነበር። በጸሎቱ ቀን ጠርሙሱን አንሥታ ቴምብሩን ፈልጋ፣ አግኝታ፣ ደስ ብሏት ጠጣች። «ልጄ ቴምብር ያለውን ጠጪ ብላለች» አለች፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔ ያተምኩትን እንድታምን ያደረጋት ማን ነው? እኔ አይደለሁም። እኔ ለእሷ ምንም አልጻፍኩም፤ ያንቺን ነው ያነበብኩት።

ልክ ነው፤ ጣቷን አትሜአለሁ። ከታወረች በኋላ ለአንቺ ደብዳቤ ጻፍልኝ አላለችም። ምን ልላክልሽ? ገንዘቡን ለሐኪም ከፍዬበታለሁ፤ የተረፈውን ለማሽኑ ጥገና።

ቴምብሩን ግን የዓይን ጌታ ነኝ የሚለው ያ ጡረተኛሽ እንኳ አልለየውም። ይህን ራስሽ ጽፈሽልኛል። ደብዳቤው እጄ ላይ ነው።

አርሴሲዮ

* * *

ሳንታ ሩፊና፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1999

ለአርሴሲዮ፣ ማኒሳሌስ ወህኒ ቤት፤

ይህን የምጽፈው በአክስቴ ኩሽና ደጃፍ፣ አንተ ትቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ሆኜ ነው። ከጁላይ ወዲህ እዚህ ነኝ። ሥራዬን ለቅቄአለሁ። ስለ እኔ ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግህም።

ጠበቃህ «ማን ጠቆመብኝ?» እያልክ እንደምትጠይቅ ነግሮኛል። አንተ ነህ። አቃቤ ሕጉ ፊት ያቀረብኩት በእጅህ ጽፈህ፣ በእጅህ አሽገህ፣ የፖስታውን ከፍለህ የላክህልኝን ነው፤ ቴምብሩንና ደብዳቤዎችህን። ኮሎምቢያ ውስጥ ወንጀለኛ ሁሉ ማስረጃውን ለማጥፋት ሲደክም፣ አንተ ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር አሻግረህ፣ እንዳደንቅልህ ብለህ ላክኸው። ፋቢዮ ኔል ያንተን ያህል ቂል ስላልነበረ እስካሁን እየተፈለገ ነው።

ስለ እኔ ጥፋትም ልንገርህ፤ ሌላ ሰው እንዲነግርህ አልሻም። አምና ኖቬምበር ላይ ቴምብሩ ያንተ መሆኑን አውቄአለሁ። ያን ቀን ለአንድ ባለሥልጣን መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም። አንድም ከአክስቴ ጋር የሚያገናኘኝ ያንተ አፍ ብቻ ነው ብዬ ፈራሁ። ሌላም አለ፤ አንተን መስደብ በቂ መሰለኝ። ጥሩ ጥሩ ስድብ መርጬ ጻፍኩ፤ ፖስታውን አሸግሁ፤ በደንብ ነገርኩት ብዬ ምሳዬን በላሁ። ሁለት ሰዎች የሞቱት እኔ በንግግሬ ስረካ ነው። ይህን ተሸክሜ እኖራለሁ። ከአንተ ጋር ግን አልካፈለውም፤ ያንተ ለብቻው ነው።

«ቴምብር ያለውን ጠጪ ያልሻት አንቺ ነሽ» ብለህ ጻፍክልኝ። አንድ ወር ሙሉ በዚያ ነገር እህል አልወረደልኝም። አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጬ ለእሷ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። መጥቼ እግሯ ሥር ወደቅሁ፤ ጆሮዋ ሥር እየጮህኩ፣ «የኔ ደብዳቤ ነው ያጠፋሽ!» አልኳት።

«ምን ትላለች ይቺ ቀጫጫ» አለችኝ። «ያንን ትንሽ ነገር እኔ መቼ አይቼው? ቀድሞስ ዓይኔ የቅርብ ያይ ነበር እንዴ? መነጽር ትልክልኛለች ብዬ ስጠብቅ አልመጣም።»

መነጽሩ አልመጣላትም አርሴሲዮ። ፖሊሶቹ ማተሚያ ቤትህን ሲያሽጉ ከመሳቢያህ ውስጥ አወጡት፤ እኔ ያሰርኩት ክር እንኳ አልተፈታም።

«ታዲያ ቴምብር መኖሩን እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«ጠየቅሁት እንጂ» አለች። «አርሴሲዮ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሁልጊዜ የሚያነብልኝ እሱ አይደል? ጠርሙሱን ሰጠሁትና፣ ‘ይሄ ደህናው ነው? ልጅቷ ያለችው?’ አልኩት። አገላብጦ አየው። ፋቢዮ ኔልን አየው። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ‘ደህናው ነው፤ ጠጪ’ አለኝ።»

ይህን በደብዳቤህ ውስጥ አልጻፍከውም። ሆድ ሕመምህን ጽፈሃል፤ የበርሜሉን ነገር ጽፈሃል፤ የእኔን ጥፋት አሳምረህ ጽፈሃል። ይህቺን አንዲት ቃል ግን ዘለልካት። ወይዘሮ ሶይላም ሰምታለች፤ ለዳኛው ትናገራለች። አንዲት ደንቆሮ እንድትሰማ ጮኸህ ስለተናገርክ ግቢው ሁሉ ነው የሰማህ።

ጠበቃህ ለአክስቴ አንድ የይቅርታ ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር፤ ጣቷን እንድታትምበት። አነበብኩላት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ እጇን ሻርፗ ውስጥ ከተተችና፣ «ለሱ የምለው አለኝ፤ አንቺ ጻፊ» አለችኝ። ቃል በቃል ይኸውልህ፦

«አርሴሲዮ፣ ዶሮዎቼ ሰባት ደርሰዋል። ጣሪያው ተሠርቷል። በዳበሳ መሄድም ለምጃለሁ፤ ምንጩ ድረስ የተዘረጋ ገመድ ይዤ እሄዳለሁ። አንተ ታነብልኝ በነበረበት ሰዓት አሁን ልጅቷ ታነብልኛለች። እንዳንተ አትዘልም።»

ያለቀ መሰለኝና፣ «ከሥሩ ሰላምታ ልጨምርበት?» አልኳት።

«ለማን?» አለችኝ።

ኑቢያ